እናቱን አትጠይቁ

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። እኔ ካለመናገሬ የተነሣ የቀረብኝ ግን ሹመት ሳይሆን ወንድም ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «እናንተ ቤት ስንት ልጆች ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ «እኔ ብቻ ነኝ» ብዬ መለስሁለት። ይህን ስናገር የስድስት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከቤታችን ጓዳ ተቀምጦ የለስላሳ ቆርኪ በመስመር ይደረድር ነበር። ይህን ጥፋቴን ዛሬ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ለመናዘዝ የተነሣሁት ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። እንደ እኔ ወንድም እያላቸው የለንም የሚሉ፥ ልጅ እያላቸውም በር የሚዘጉ ሌሎች በአካባቢያችን እንዳሉ ስለማምን ነው።

ወንድሜ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው። ኦቲዝም ማለት በአንጎል አስተዳደግ ልዩነት የተነሣ፥ አንድ ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበት፥ የሚናገርበት፥ ድምፅንና ብርሃንንም የሚቀበልበት መንገድ ከሌላው ልጅ የተለየ ሲሆን ነው። ልዩነቱ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሲሆን፥ መጠኑ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ተምሮና ተመርቆ ሥራ ይይዛል፤ ሌላው ቃል ሳይወጣው ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። በዚህ ስሌት ብንሄድ ሺህ ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት ስምንት ያህል ሊገኙ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ ስማር እንደ ወንድሜ ያለ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ አላየሁም። ታዲያ የት አሉ?

ወንድሜ ስሙን ቢጠሩት ዘወር አይልም። «እማዬ» ብሎም አያውቅም። ከበሮ ሲመታ ሁለት ጆሮውን ይይዛል። ዳሩ ግን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን የሰማውን ዜማ ጧት ተነሥቶ ያለ ቃል ሲያንጎራጉረው፥ መነሣቱንና መውደቁን አንዲት ሳያጎድል ያወጣዋል። ይህን የሚያውቁ ግን ከቤታችን ሰዎች በቀር ማንም የሉም።

ቁስቋም የሚለው ስም ከወዴት እንደ መጣ የዚህ ሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ በሸሸች ጊዜ የተቀመጠችበት፥ በግብፅ አገር የሚገኝ ተራራ ስም ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ከከተማው ወጣ ብለው ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መንግሥቱን ሲያሠሩ ቦታውን በዚሁ ስም ሰየሙት። በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን የምናከብረውም በዓል ልጇን ይዛ የተንከራተተች እናት የምትታሰብበት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ በዓል እናቴ ወንድሜን ይዛ ወጣች። ሕፃኑ የሕዝቡ ብዛትና የከበሮው ድምፅ አስጨንቆት ጮኸ፤ መሬት ላይም ተንከባለለ። ያን ጊዜ ከጎናችን ከቆሙት ሴቶች አንዲቱ «አንቺ ልጅ፥ ምን ሠርተሽ ነው ይህ የመጣብሽ?» አለቻት። ሌላይቱም ተቀብላ «ነፍሰ ጡር ሳለሽ በቀትር ወንዝ ወርደሽ ይሆን?» ስትል ጠየቀቻት። እናቴ ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን በልጁ ላይ ጣል አድርጋ አቅፋው ወረደች። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 6 ቀን የቤታችን በር ይዘጋል።

ሴቶቹን አልወቅስም። ክፉ አስበው የተናገሩት አይደለም፤ ሲባል የሰሙትን አሉ። እኔ የምከራከረው ከጥያቄያቸው ጋር ነው። «እናቲቱ ምን ሠራች?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣ ጥያቄ አይደለም። መልስ አለው፤ መልሱም «ምንም አልሠራችም» የሚል ነው። ይህንንም የምለው እናቴ ስለ ሆነች ብቻ ሳይሆን፥ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ዘር አወራረስ ከተማርን በኋላ ነገሩን ተከታትዬ ስላነበብሁ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። እናትን መውቀስ የእኛ አገር ሰው ብቻ ጠባይ አይደለም። ኦቲዝምን ለይቶ በጽሑፍ ያወጣው ሐኪም ሊዮ ካነር ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን የጻፈውም ስለ 11 ልጆች ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ፥ ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለ ነፈገችው ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። በቺካጎ ይኖር የነበረው ብሩኖ ቤትልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አስተሳሰብ በሰፊው አሰራጨው። እኛ «በቀትር ወንዝ ወርዳ» ስንል እነርሱ «ልቧ ቀዝቅዞ» ይሉ ነበር ማለት ነው። ቃሉ ቢለያይም ፍርዱ አንድ ነው፤ ተከሳሿም አንዲት ናት።

ይህን ፍርድ የሻረው ማስረጃ ከመንትዮች ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር የተባሉ ሊቃውንት በብሪታንያ 21 ጥንድ መንትዮችን መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ ጥንዶች ከአንድ እንቁላል የተገኙ፥ ማለትም ዘራቸው ፍጹም አንድ የሆነ ነበሩ። የቀሩት 10ሩ እንደ ማንኛውም ወንድምና ወንድም በከፊል ብቻ የሚመሳሰሉ ነበሩ። ከ11ዱ ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖርባቸው፥ ከ10ሩ ግን በአንዱም እንኳ ሁለቱም አልነበረባቸውም። አንዲት እናት በአንድ ማሕፀን ይዛ፥ በአንድ ጡት አጥብታ፥ በአንድ ቤት ያሳደገቻቸው መንትዮች ይህን ያህል ከተለያዩ፥ ነገሩ ከእናት ጠባይ ሳይሆን ከዘር አጻጻፍ እንደሚመጣ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በዴንማርክ፥ በፊንላንድ፥ በስዊድን፥ በእስራኤልና በምዕራብ አውስትራሊያ የተወለዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች መዝገብ ሲጠና፥ በሰዎች መካከል ከሚታየው የኦቲዝም ልዩነት ከመቶው 80 ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ተገኝቷል። ይኸው ጥናት ከእናቲቱ ሁኔታ የሚመጣውን ድርሻ ለብቻው ለይቶ መዝኖት ነበር። ያገኘውም እጅግ ጥቂት፥ ወይም ከነጭራሹ የሌለ መሆኑን ነው።

አሁን «ከዘር ነው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በሕዋሳችን ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል፥ እንደ ረጅም ክር የተጠቀለለ ነገር አለ። በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ነው ቢባል ያስኬዳል። የፊደላቱ ብዛት ግን ከአንዱ ወላጅ የሚመጣው ብቻ 3 ቢሊዮን ያህል ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዘረ መል ወይም ጂን የምንላቸው ክፍሎች፥ ሰውነታችን የሚገነባባቸው ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚሠሩ የሚናገሩ ቃላት ናቸው። ቁጥራቸውም ወደ 20,000 ይጠጋል። የሚያስደንቀው ነገር እነዚህ ቃላት ከመላው መጽሐፍ ከመቶው ሁለት እጅ እንኳ የማይሞሉ መሆናቸው ነው። የቀረውን ጽሑፍ ቀድሞ ብዙዎች ትርፍ ነው ይሉት ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ ውስጥ አያሌው ክፍል፥ እያንዳንዱ ቃል መቼ፥ በየትኛው የሰውነት ክፍልና በምን ያህል መጠን እንዲነበብ የሚያዝ መሆኑ ተረድቷል።

ይህን ለቁስቋም ልጅ ለማስረዳት ከድጓ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ድጓ ሲጻፍ ከግእዙ ቃል በላይ ደቃቅ ምልክቶች ይቀመጣሉ፤ ይዘት፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ርክርክና ሌሎችም። ቃሉን ማንበብ የሚችል ሁሉ ምልክቱን አያውቅም። መሪጌታው ግን ድምፁን የት እንደሚያነሣ፥ የት እንደሚጥልና የት እንደሚይዝ የሚያውቀው ከእነዚያ ምልክቶች ነው። ቃሉ ያው ሆኖ ምልክቱ ብቻ ቢለወጥ ዜማው ይለወጣል። የሰውም ዘር እንዲሁ ነው። የልብ ሕዋስና የአንጎል ሕዋስ የሚይዙት መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚለያቸው የትኛው ቃል ከፍ ብሎ፥ የትኛው ዝቅ ብሎ፥ የትኛውም ጨርሶ ሳይነበብ እንዲታለፍ መታዘዙ ነው።

ይህ የምልክት ለውጥ በሽታ ብቻ የሚያመጣ እንዳይመስለን ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሕፃን ሁሉ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። በአብዛኛው የሰው ልጅ ግን ጡት ከጣለ በኋላ ይህ ኢንዛይም እየቀነሰ ይሄዳል። ከጥንት ጀምሮ ከብትና ግመል በሚያረቡ ሕዝቦች ዘንድ ግን ብዙ ሰዎች እስከ ሽምግልና ወተት ጠጥተው ሆዳቸውን ምንም አይላቸውም። ለምን? የላክቴዝ ዘረ መል በሁሉም ዘንድ ያው ነው። የተለወጠው ከእርሱ 14,000 ፊደላት ያህል ርቆ፥ በጎረቤት ዘረ መል ውስጥ የተቀመጠ አንድ የማዘዣ ምልክት ነው። አውሮፓውያን አንድ ዓይነት ለውጥ ሲኖራቸው በምሥራቅ አፍሪካ ግን ልዩ ልዩ ለውጦች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢትዮጵያ በሚኖሩ ግመል አርቢ ሶማሌዎች ላይ የታተመ ጥናት፥ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ብቻ በርካታ ዓይነት ለውጦች እንዳሉ አሳይቷል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ሽማግሌው እንደ ሕፃን ወተት ይጠጣል። ይህን ሰው «እናትህ ምን ሠርታ ነው?» ብሎ የጠየቀው አለን? የለም።

በኦቲዝምም ረገድ ሊቃውንት እነዚህኑ የማዘዣ ምልክቶች መመርመር ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሳን ዲዬጎ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ሴባትና ባልደረቦቻቸው ከ2,600 ቤተሰቦች የተውጣጡ የ9,274 ሰዎችን ዲ ኤን ኤ ከዳር እስከ ዳር አስነበቡ። የፈለጉት በማዘዣው ስፍራ አንድ ሙሉ ቁራጭ የጎደለበትን ወይም የተደገመበትን ቦታ ነበር። ቁም ጸሓፊ ብራናውን ሲገለብጥ ዓይኑ ስቶ አንድ መስመር ዘሎ እንደሚሄድ፥ ወይም አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እንደሚጽፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ከእናት ወገን ይበዛል ብለው ጠብቀው ነበር። ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ለውጦቹ ኦቲዝም ወዳለባቸው ልጆች ከሚጠበቀው በላይ የተላለፉት ከአባቶች ነበር። ኦቲዝም ወደሌለባቸው ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ግን እንዲህ አልተላለፉም።

በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች 1,902 ቤተሰቦችን መርምረው ነበር። ምርመራቸውም ከእናትም ከአባትም ያልተወረሱ፥ በልጁ ላይ አዲስ በተፈጠሩ ለውጦች ላይ ነው። ከዘረ መሉ መነሻ አጠገብ ባለው የማዘዣ ስፍራ የሚገኙ አዲስ ለውጦች ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2019ም የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ኦልጋ ትሮያንስካያና ባልደረቦቻቸው፥ የእያንዳንዱን ለውጥ ጉዳት የሚገምት የኮምፒዩተር ዘዴ አዘጋጅተው በ1,790 ቤተሰቦች ሞከሩት። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የተገኙት አዲስ ለውጦች፥ በወንድሞቻቸውና በእኅቶቻቸው ላይ ከተገኙት ይልቅ የዘረ መልን አነባበብ የሚያውኩ ሆነው ተገኙ።

አዲስ ለውጥ ስል አንባቢ እንዳይደነግጥ አደራ እላለሁ። ማንኛውም ሕፃን ሲወለድ 60 ወይም 70 ያህል አዲስ የፊደል ለውጦች ይዞ ይመጣል። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔም፥ የምታነቡት እናንተም፥ ያን ቀን ጥያቄ የጠየቁት ሴቶችም እንዲሁ ነን። ከእነዚህ ውስጥ የሚበዙት ምንም ነገር አያደርሱም። አብዛኞቹም የሚመጡት ከአባት ወገን ነው። ይህን የምለው ወቀሳውን ከእናት አንሥቼ በአባት ላይ ለመጣል አይደለም። ቢሊዮን ፊደላት በሚገለበጡበት ሥራ ጥቂት መሳት የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ አባትም እናትም ይህን አያዙበትም።

ከእውነት እንዳላልፍ ደግሞ ወሰኑን ልናገር። በማዘዣ ስፍራ ያለ ለውጥ ብቻውን ኦቲዝምን የሚያመጣ አይደለም፤ ዕድሉን በጥቂቱ ከፍ የሚያደርግ ነው እንጂ። ከማዘዣው ሌላ በዘረ መሎቹ በራሳቸው ላይ የሚደርስ ለውጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የ35,584 ሰዎችን ዲ ኤን ኤ የመረመረ ጥናት ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ዘረ መሎችን ዘርዝሯል። ያለ ጊዜ መወለድን የመሳሰሉ ከዘር ውጭ ያሉ ነገሮችም ይጠቀሳሉ። ዘራቸው አንድ ከሆነው ከ11ዱ የ1977 ጥንዶች በ7ቱ አንዱ ልጅ ብቻ ኦቲዝም የነበረበት መሆኑም፥ ዘር ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን ያስረዳል። እንግዲህ ዘሩ እንደ ብዙ ደቃቅ ጠብታ የሚሰበሰብ ነው፤ «ይህች አንዲት ነገር አመጣችው» ተብሎ በጣት የሚጠቆም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ከዘር ነው ከተባለማ ነገሩ ባሰ! እናቲቱ ብቻ ትወቀስ የነበረው አሁን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይወቀሳል» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። እኛ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። «የእነ እገሌ ዘር» የሚለው ቃልም ሰውን ለማክበር እንደሚያገለግል ሁሉ ለማራቅም ያገለግላል። እናቴም ስለ ወንድሜ ዝም ያለችው ስለ ራሷ አፍራ ብቻ ሳይሆን፥ ነገ ለእኔ ትዳር አስባ እንደሆነ ደርሼበታለሁ።

ለዚህ ተቃውሞ መልስ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊድን የተደረገው ጥናት ነው። በእርሱ መሠረት ከዘር ከሚመጣው የኦቲዝም ድርሻ የሚበዛው፥ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ከሚይዟቸው ብርቅ ለውጦች አይደለም፤ በመላው ሕዝብ ዘንድ ተበትነው ከሚገኙ የተለመዱ ለውጦች ነው እንጂ። እንግዲህ ሰባት ቤት ቢቆጠር፥ ሰባ ቤትም ቢቆጠር ከእነዚህ ለውጦች ነጻ የሆነ ዘር አይገኝም። ሁላችንም እንይዛቸዋለን፤ ልዩነቱ ምን ያህሉ በአንድ ልጅ ላይ እንደ ተገናኙ ነው። በዚህ ላይ አዲስ የተፈጠረው ለውጥ ከዘመድ የመጣ ስላልሆነ ዘመድ ቢቆጠር አይገኝም። ስለዚህ የዘር ትምህርት በትክክል ከተነበበ ቤትን ከቤት የሚለይ አጥር አይሆንም፤ ይልቁንም ሁላችን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዳለን ያስተምራል።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ከራሳችን አገር ቁጥር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ወደ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር፤ ልጆቻቸውም ኦቲዝምና ሌላ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ነበሩ። ከመቶው 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። 27 ያህሉ የልጁን ነገር ለመደበቅ እንደሚጥሩ አምነዋል። ምክንያቱን ሲጠየቁም 40 ያህሉ መንፈስ ያዘው፥ 28 ያህሉ በኃጢአት የመጣ ነው ብለዋል። አንድ አሳዛኝ ነገርም አለ፤ የመገለሉ ስሜት ከሌሎቹ ይልቅ በርትቶ የታየው በኦርቶዶክስ ክርስቲያን አሳዳጊዎች ዘንድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ልጇን ይዛ የተሰደደችውን እናት ታከብራለች፤ እኛ ምእመናን ግን ልጇን ይዛ የመጣችውን እናት አሳፍረን እንመልሳለን። ይህ ሊያስተዛዝበን ይገባል።

ደግሞ ዝም ያላሉ እናቶች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው ከፈቱ። መናገር ለሚቸግራቸው ልጆችም በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በየመድረኩና በየመገናኛ ብዙኃኑ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብለው በግልጥ ሲናገሩ ብዙ ወላጆች የተዘጋ በራቸውን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ሥራቸው አልሞተም። ከጆይ በኋላ ነህምያ የተባለው የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ተቋቁሟል።

አዲስ አበባ ግን ከጎንደር ሩቅ ነው። እናቴ ልጇን ይዛ በየጊዜው ልትሄድ አትችልም። ስለዚህ መፍትሔውን ከዚሁ ከደጃችን መጀመር አለብን እላለሁ። ከተማችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲከፈት፥ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። እነዚህ ወጣቶች በየገጠሩ እየተሰማሩ በሽታ ከተበከለ ውኃና ከተሐዋስያን እንደሚመጣ ለሕዝቡ አስተምረዋል። ያን ጊዜ ስለ ውኃ የተሠራው ሥራ ዛሬ ስለ ኦቲዝም ቢደገም ምን ይከለክለናል?

ጠበል መውሰድን አልነቅፍም። እናቴም ትወስደዋለች፤ ለእርሷም መጽናኛ ሆኗታል። ዳሩ ግን ልጁን ማሰር፥ መግረፍና እናቱን ንስሐ ያልገባሽበት ምን አለ እያሉ ማስጨነቅ ሃይማኖት አያዝም። ጠበሉም ይቅር አልልም፤ ሐኪም ይጨመር እላለሁ። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት ባይኖርም፥ በጊዜ ተለይቶ የታወቀ ልጅ በትዕግሥት ቢሠለጥን ፍላጎቱን መግለጥ፥ ራሱን መርዳትና መማር ይችላል። ጊዜው የሚባክነው «ማን ረገመው?» ሲባል ነው።

እንግዲህ ለሦስት ወገኖች ልመና አለኝ። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ እንደ ወንድሜ ያለ ልጅ ሲያጋጥማችሁ «እብድ» ወይም «ዱዳ» አትበሉት። ዓይናችሁን ባያይ ንቀት አይደለም፤ ጆሮውን ቢይዝ ጥጋብ አይደለም። ከእናንተም መካከል ነገ የዘር ሊቅ የሚወጣ ይሁን። ከላይ የጠቀስኋቸው ጥናቶች የመረመሯቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ ከአውሮፓ ዘር የወጡ ናቸው። በኬንያና በደቡብ አፍሪካ የአፍሪካውያንን ልጆች የሚመለከት ጥናት ተጀምሯል፤ የእኛንም መጽሐፍ የእኛ ልጅ ሊያነብበው ይገባል። መምህራኖቻችን ሆይ፥ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ አተር አበባ ቀለም ስታስተምሩን ስለ እነዚህ ልጆችም ጨምራችሁ አስተምሩን። በትምህርት ቤታችንም ጸጥ ያለ አንድ ክፍል ተገኝቶ እነርሱም የሚማሩበትን መንገድ ምከሩበት። ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ ሁለት ዓመት አልፎት ቃል ባይወጣው፥ ስሙ ሲጠራም ባይሰማ፥ አትደብቁት፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የጎረቤታችሁን እናት ስታገኙም «ምን ሠርተሽ ነው?» አትበሏት። «ምን ልርዳሽ?» በሏት።

ይህን ጽሑፍ ለማተም ከመስጠቴ በፊት ለእናቴ አነበብሁላት። ስለ ኅዳር 6 የጻፍሁት ጋ ስደርስ አቋረጠችኝና «ይህንስ ባትጽፈው» ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሷ ግን ጥቂት ዝም ብላ «እውነት ምንም አላደረግሁም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ የኖረችው ይህንኑ ኖሯል። «ምንም አላደረግሽም» አልኋት።

በመጪው ኅዳር 6 ቀን ወንድሜን ይዘን ወደ ቁስቋም እንወጣለን። ከበሮው በማይደርስበት፥ ከቅጥሩ ራቅ ካለው ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። የምታውቁኝ ሁሉ መጥታችሁ ሰላም በሉን። ለጠየቀኝም ሁሉ ካሁን በኋላ መልሴ አንድ ነው፤ በቤታችን ሁለት ልጆች ነን።